ውሃው በ93 ፈላ

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ወጥቶ ወደ ቂሊንጦ የሚያቀና ሰው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን አጥር ያገኛል። ዩኒቨርሲቲው በ2003 ዓ.ም. ሲቋቋም ዙሪያው በአብዛኛው የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበር። አሁን ሕንጻው ከሕንጻ ተያይዞ፣ ጠዋት ታክሲ ተራው ላይ የኮንስትራክሽን ሠራተኛው፣ የመርካቶ ነጋዴውና ተማሪው አንድ ሰልፍ ይሰለፋሉ። ከተማሪዎቹ መካከል ፍሬሽ የሆነው በቀላሉ ይለያል፤ ደብተሩ ገና አዲስ ነው፣ ካልኩሌተሩም ሽፋኑ አልጠፋም።

ይህ ፍሬሽ በመጀመሪያው ሳምንት ከየመምህሩ አንዳንድ ወረቀት ይቀበላል፤ ወይም በቴሌግራም ግሩፕ ይላክለታል። ኮርስ አውትላይን ይባላል። የምዕራፎቹ ዝርዝር፣ የመጽሐፎቹ ስም፣ የፈተናው ድልድል፣ የክፍል መገኘት ደንብ፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። ተማሪው ከላይ ያለውን የመምህሩን ስምና የቢሮ ቁጥር አይቶ ያጥፈዋል። ዳግም የሚፈልገው ግሬድ ሲለጠፍ ነው፤ ያኔ ግን ወረቀቱ ዶርም ውስጥ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ቆይቷል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ። ዛሬ ላይ ሳየው ከኮርሱ ሁሉ ይበልጥ ማንበብ የነበረብኝ ገጽ እሱ ነበር። ስለዚህ ከወረቀቶቹ አንዱን፣ የጄኔራል ፊዚክስን፣ እንግለጠው።

ጄኔራል ፊዚክስ፣ በኮዱ ፊዚክስ 1011፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ገቢዎች በአንደኛ ዓመት የሚወስዱት የሦስት ክሬዲት ሰዓት የጋራ ኮርስ ነው። ነገ ሐኪም የሚሆነውም፣ የአፈር ባለሙያ የምትሆነውም፣ ኢንጂነሩም አንድ ላይ ይቀመጡለታል። ይህ አንድ ላይ መቀመጥ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበር። የሁለት ዓመቱ መሰናዶ ከተጀመረ በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ፣ የፍሬሽማን ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወጣ፤ አብዛኛው ዲግሪም ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። ተማሪው ገና ከአውቶቡስ ሳይወርድ ዲፓርትመንት ይመደብ ጀመር። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ከተሄደበት በኋላ የትምህርት ፍኖተ ካርታው ጥናት ፍሬሽማንን መለሰው፤ በ2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ሞጁል ማስተማር ጀመሩ።

ሞጁሉ ሰባት ምዕራፍ አለው። መለኪያና ቬክተር፣ እንቅስቃሴና ኃይል፣ ፈሳሾች፣ ሙቀት፣ ሞገድና ብርሃን፣ ኤሌክትሪክና ማግኔት፤ ሰባተኛው ደግሞ ፊዚክስ በግብርና፣ በሕክምና፣ በኃይል ማመንጫና በመሳሰሉት ምን እንደሚሠራ ያሳያል። ሰባተኛውን በወጉ የጨረሰ ክፍል አላጋጠመኝም፤ ሴሚስተሩ ሁልጊዜ ማግኔት ላይ ያልቃል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ኮዬ ፈጬ የሚኖር ተማሪ ትምህርቱን ሳይንቀሳቀስ የሚያየው በእሱ ነው። ጣሪያ ላይ ሮቶ የተሰቀለለት ሰባት ፎቅ ሕንጻ እንውሰድ። ከሮቶው እስከ ምድር ቤቱ ቧንቧ 20 ሜትር ቢሆን የውሃው ግፊት ወደ 196 ሺህ ፓስካል ይጠጋል። ከላይ ያለችው እናት ባልዲዋን እስክትሞላ እንጀራ ትጋግራለች፤ ታች ያለው ቧንቧ ግን ጎማው እየበሰበሰ ይንጠባጠባል። ሦስተኛው ምዕራፍ ኑሮ ውስጥ ሲገባ ይህ ነው።

ኮርሱን የሚወስዱት ልጆች ከየት እንደሚመጡም ልብ ይሏል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2015 ደግሞ 3.2። ግማሽ ካላመጡት የተወሰኑት በሪሚዲያል፣ በማካካሻ ትምህርት፣ አልፈው ነው የሚገቡት። ወደ ቂሊንጦው ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ደግሞ ተጨማሪ የመግቢያ ፈተና ይቀመጣል። በአንድ ክፍል ላብራቶሪ ያየና ቬርኒየር ካሊፐርን በጥቁር ሰሌዳ ሥዕል ብቻ የሚያውቅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ ማለት ነው። ግሬዱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ወደ ግሬዱ እንምጣ። ብዙ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ስኬል ከመቶ 90ና ከዚያ በላይ ላመጣ ኤ ፕላስ ይሰጣል፤ ከ85 ኤ፣ ከ80 ኤ ማይነስ፣ ከ75 ቢ ፕላስ፣ ከ70 ቢ፣ ከ65 ቢ ማይነስ፣ ከ60 ሲ ፕላስ፣ ከ50 ሲ፣ ከ45 ሲ ማይነስ፣ ከ40 ዲ። ከዚያ በታች እስከ 30 ያለው ኤፍ ኤክስ፣ ከ30 በታች ኤፍ ነው። አንዳንድ ተቋም ድንበሩን በጥቂት ነጥብ ያዛውራል፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

ይህን መሰላል አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ደረጃዎቹ እኩል አይደሉም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራት ጠፍቶ ደረጃ የወጣ ሰው ያውቃል፤ አንዷ ደረጃ ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ካለች እግር የሚሰናከለው እሷ ላይ ነው። ኤ ፕላስና ኤ ሁለቱም 4.0 ናቸው፤ ከ85 ወደ 90 የተከፈለው ላብ ለስሙ ካልሆነ ለጂፒኤው አንድም አይጨምርም። ከኤ ማይነስ ወደ ቢ ፕላስ ሲወርዱ የሚጠፋው 0.25 ነው፤ ከቢ ፕላስ ወደ ቢ ግን 0.5። ሲ የሚባለው ክፍል ከኤ ፕላስ በታች ካሉት የማለፊያ ግሬዶች ሁሉ ይሰፋል፤ 50 ያመጣና 59 ያመጣ እኩል 2.0 ይዘው ይሄዳሉ። ከሲ ማይነስ ወደ ዲ ሲሆን ደግሞ ከ1.75 በአንዴ 1.0 ላይ ዱብ ነው።

በቁጥር እንየው። መምህሩ ለቤት ሥራ 15፣ ለክፍል ተሳትፎ 5፣ ለቴስቶች 30፣ ለፋይናል 50 ደልድሏል እንበል። አንዲት ተማሪ ከቤት ሥራው 13፣ ከተሳትፎው 4፣ ከቴስቶቹ 22 አገኘች። 39 ይዛ ፋይናል ገባች። ቢ ፕላስ ከፈለገች ከ50 ውስጥ 36 ያስፈልጋታል። 35.5 ብታመጣ ድምሯ 74.5 ሆኖ ቢ ነው። ሦስት ክሬዲት ሲባዛ በ3.5 10.5 የሚሆነው በ3.0 9 ሆኖ ቀረ። ሴሚስተሩ 18 ክሬዲት ከሆነ ጂፒኤዋ የቀነሰው 0.08 ነው። ትንሽ ይመስላል። ዲፓርትመንት ምርጫ ሲመጣ ግን ሰው የሚሰለፈው በዚህች በሁለተኛዋ ዴሲማል ነው። ግማሽ ነጥቧ ደግሞ ቴስት ላይ አሃድ መጻፍ ረስታ የተቀነሰባት ልትሆን ትችላለች። ሜትር በሰከንድ ብላ ብትጽፍ ኖሮ።

ይህ ቋሚው ስኬል ነው፤ ተማሪዎች ፊክስ ይሉታል። የቀደሙት ትውልዶች የሚያስታውሱት ሌላውን፣ ከርቩን ነው፤ ግሬድህ የሚወሰነው ከጓደኞችህ አንጻር ነው። ሁሉም ከወደቀ 45ም ቢ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ካመጣ 78ም ያስፈራል። ከርቭ ላይ የነበረ ሰው ስለ ክፍሉ ጎበዝ ሲያወራ ዛሬም ድምፁ ውስጥ ትንሽ ቂም አለ፤ «እሱ ነው ስኬሉን የሰቀለብን» ይላል። ፊክስ ይህን ቂም አጥፍቷል፤ ኖት መዋዋስ አተረፈ። በምትኩ ግን ሥልጣኑን ሁሉ ለፈተና አውጪው ሰጠ። 85 የሚለው ቁጥር ከሴክሽን ሴክሽን አይለወጥም፤ ፈተናው ግን ይለወጣል። የአንዱ መምህር ፈተና ከሞጁሉ ምሳሌ ቁጥር ተቀይሮ የወጣ ነው፤ የሌላው ደግሞ ገመድና ተዳፋት ያገናኘ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አርባ ደቂቃ የሚፈጅ። በእኔ እምነት ፊክስ ፍትሐዊ የሚሆነው ሁሉም ሴክሽን አንድ ፋይናል ሲፈተን ነው፤ ብዙ ቦታ ለፍሬሽ ኮርሶች እንዲሁ ይደረጋል፣ ደግ ተደረገ።

ግማሹን የሚይዘው ተከታታይ ምዘና በሐሳብ ደረጃ ሸጋ ነገር ነው። ተማሪው ዓመቱን ተኝቶ በፋይናል ሳምንት ሌሊት እንዳይሸመድድ ታስቦ የመጣ ነው። በተግባር የቡድን አሳይመንት ላይ ሲደርስ ይንገዳገዳል፤ አንድ ልጅ ይሠራል፣ ስድስት ስም ይጻፋል፣ ሰባተኛው ስሙን ያስገባው በስልክ ነው። ለተሳትፎ የምትሰጠዋ 5 ነጥብ ደግሞ እንደ ምርቃት ትታያለች። እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ይበጃል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሄክ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 6,542 የመግቢያ ፊዚክስ ተማሪዎችን በኮርሱ መጀመሪያና መጨረሻ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ያላቸውን ግንዛቤ በፈተና አወዳድሮ ነበር። መምህሩ ብቻ በሚናገርበት ክፍል ተማሪዎቹ ሊጨምሩት ይችሉ ከነበረው የጨመሩት በአማካይ ሩብ እንኳ አልሞላም፤ 0.23። ተማሪዎች እርስ በርስ እየተከራከሩ በሚማሩበት ክፍል 0.48 ሆነ። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። በእኛ ክፍል እጅ አውጥቶ የተሳሳተ መልስ መስጠት እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ ነጥቧን መምህሩ ለትክክለኛ መልስ ብቻ ከሰጣት ዝምታውን ያጠናክረዋል። ለጥያቄ የሰጣት ቀን ግን ዋጋዋ ከአምስት ይበልጣል።

አሁን ወደ ላብራቶሪው። አሠራሩ ከግቢ ግቢ ይለያያል፤ ሪፖርት የማይጻፍበት ላብ ግን የለም። እኔ የተሰጠኝ ሙከራ ቴርሞሜትርን መፈተሽ ነበር። በረዶ ውስጥ ሲገባ ዜሮ፣ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ መቶ ማንበብ አለበት ይላል መመሪያው። ውሃው ተንተከተከ፣ ሜርኩሪው 93 ላይ ቆመ። አራት ሆነን ከበን ጠበቅን። አልነቃነቅ አለ። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ተባብለን ከጎረቤት ጠረጴዛ ተዋስን፤ እሱም 93። ሰዓት እያለቀ ስለነበር 99.5 ብለን ጻፍን። መቶ አላልንም፤ ከበደን። ሪፖርቱ ከ10 ዘጠኝ ተኩል አመጣ። ከጎናችን የነበረው ቡድን ያየውን 93 ጽፎ ስድስት ተሰጠው፤ «የመሣሪያ ስህተት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ከጎኑ ነበረበት።

ስህተቱ የማን እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ውሃም በ100 ዲግሪ ይፈላል። አቃቂ ቃሊቲ ግን 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ግፊቱ ወደ 78 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፣ ውሃውም 93 አካባቢ ይንተከተካል። እናቶቻችን ሽምብራ የሚበስልላቸው ከቆላው ዘግይቶ እንደሆነ ያውቁታል፤ መመሪያውን ያዘጋጀው ሰው ግን ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ጽፎታል። በፔንዱለም የስበትን አክስለሬሽን መለካትም ላይ እንዲሁ ነው። መጽሐፉ 9.81 ይላል፤ አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብና ከፍ ስለምትል እውነተኛው 9.78 አካባቢ ነው። በእርግጥ በእጅ በሚያዝ ሰዓት ይህን ልዩነት ማየት ይከብዳል። 50 ውዝዋዜ 100 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ጣት ሰዓቱን ስትጫን በ0.2 ሰከንድ ብትዘገይ መልሱ 0.4 በመቶ ይሳሳታል፣ ልዩነቱ ደግሞ 0.3 በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ 9.76 የጻፈ ተማሪ ጥሩ ለክቷል፣ ልክ 9.81 ያገኘ ግን ወይ ዕድለኛ ነው ወይ ቁጥሩን ከመልሱ ወደ ኋላ አስልቷል። ሪፖርት የሚያርመው ሰው የትኛውን ከፍ እንደሚያደርግ በአውትላይኑ ላይ በአንድ መስመር ቢጽፍ ብዙ ሐሰት ይቀር ነበር፦ «ነጥቡ ለተለካው ነው፤ ለስህተት ምንጭ ማብራሪያ ይጨመራል።»

ቀሪው ደንብ ባጭሩ ይነገራል። ክፍል መገኘት በየተቋሙ 80 ወይም 85 በመቶ ይጠየቃል፤ ያጓደለ ኤንጂ ይጻፍበታል፣ ማለትም ግሬድ የለም። ታሞ ፋይናል ያልተቀመጠ የሕክምና ወረቀቱን በጊዜው ለሬጅስትራር ካቀረበ ኢንኮምፕሊት ይያዝለትና ሜካፕ ይፈተናል፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ የሚያመጣው ወረቀት ግን አይሠራም። ኤፍ ኤክስ ያገኘ የድጋሚ ፈተና ዕድል ሊኖረው ይችላል፤ ኤፍ ያገኘ ኮርሱን ይደግማል። ለመመረቅ አጠቃላይ ውጤቱ 2.00 መድረስ አለበት። ስልክ ፈተና ክፍል አይገባም። አጤሬራ የያዘ ተማሪ ያላነበበበትም ቢሆን ይጠየቃል፤ ብዙዎች «አላወጣሁትም እኮ» ብለው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፣ ደንቡ ግን መያዝን ነው የሚለው።

ከሁሉ የሚረሳው ወረቀት የማየት መብት ነው። ፋይናል ታርሞ ግሬድ ከመጽደቁ በፊት መምህሩ ቢሮው በር ላይ ቀንና ሰዓት ይለጥፋል፤ የሚመጡት ጥቂት ናቸው። ከሚመጡትም ግማሾቹ የመምህሩን ፊት አይተው ወረቀቱን ሳይገልጡ ይመለሳሉ። ሪማርክ መጠየቅ መካሰስ ይመስላቸዋል። ያች 74.5 ያመጣች ተማሪ ብትሄድ ኖሮ ሦስተኛው ገጽ ጀርባ ላይ የሠራችው ጥያቄ ሳይታረም መታለፉን ልታይ ትችል ነበር፤ ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ አራሚው አንድ መቶ ሃያ ወረቀት ሲገልጥ አድሯላ። ቀኑ ሐሙስ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ተብሎ ተለጥፏል። እሷ ግን ሻንጣዋን ይዛ፣ ከቂሊንጦ ወደ ኮዬ የሚሄደው ታክሲ ሳይሞላ ለመድረስ እየሮጠች ነው።