«እግዜር ይስጥልኝ»

በዳባትና በደባርቅ አገር መንገደኛ ውኃ ሲያጠጡት «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ባለቤቱም «አብሮ ይስጠን» ብሎ ይመልሳል። «እግዜር» ማለት «እግዚአብሔር» የሚለው ቃል አጥሮ ነው፤ በግእዝ የአገር ጌታ ማለት ነው። «ይስጥልኝ» ሲል ደግሞ «ውለታህን እኔ መክፈል ባልችል እሱ በእኔ ፈንታ ይክፈልህ» ማለቱ ነው።

ይኸው ቃል በጎንደር ከተማ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሌላ ሥራ አለው። የሚሰጠው ያጣ ሰው ለማኙን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎት ያልፋል። እዚያ ምስጋና የነበረው እዚህ «የለኝም» ሆነ ማለት ነው።

ዛሬ ብዙ የከተማ ወጣት «አመሰግናለሁ» ማለት ይቀናዋል፤ «ይስጥልኝ» የሽማግሌ ቃል ይመስለዋል። የድሮው ቃል ግን ውለታ እንዳለብን ያስታውሰናል። ሳንቲም በኪሳችን እያለ ለለማኝ «ይስጥልኝ» ካልን ግን የራሳችንን ዕዳ በእግዜር ላይ ጣልን ማለት ነው።