ተረትና እውነታ፦ ልጅን አቅፎ በሸርተቴ መውረድ

እሁድ ከሰዓት ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላን ኮንዶሚኒየም ወይም ከቃሊቲ ልጁን ይዞ ወደ መጫወቻ የሚወጣ ቤተሰብ ሸርተቴው ጋ ሲደርስ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ገና ትንሽ ነው፤ ብቻውን አትልቂው፣ አቅፈሽው ውረጂ።» ትኬት ቆራጩም፣ አክስትም፣ ስልኩን ደግኖ ፎቶ የሚጠብቀው አባትም ይህንኑ ይላሉ። ምክሩ ባዶ አይደለም። ልጅ በአገራችን የሚጠበቀው ታዝሎና ታቅፎ ነው፤ ብቻውን የተለቀቀ ሕፃን ከሸርተቴው ወደ ጎን ሊወድቅ እንደሚችልም እውነት ነው። ችግሩ መውደቅን ስናስብ እግሩን መርሳታችን ነው። የታቀፈው ልጅ እግር በእናቱ እግር ዳር ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ የጫማው የጎማ ሶል የሸርተቴውን ወለል ወይም ጠርዝ ይይዝና ቀጥ ይላል። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እዚያው ይቆማል፣ ወይም ዞር ብሎ እግሩን ያላቅቃል። 60 ኪሎ እናት ከኋላው ስትኖር ግን በዚያች እግር ላይ የሚመጣው 70 ኪሎ ነው። እናቲቱ ልቁም ብትልም አትችልም። እግሩ ወደ ኋላ ይቆለመምና የቅልጥሙ አጥንት ይሰበራል። አጥብቃ ማቀፏ ይህን አያስቀርም፤ እንዲያውም ልጁ እንዳይዞር ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የኒው ዮርክ ሐኪሞች ጥናት በ11 ወራት ውስጥ የታዩ 58 የቅልጥም ስብራቶችን መርምሮ ስምንቱ በሸርተቴ የመጡ ሆነው አገኘ፤ ስምንቱም ልጆች የወረዱት በትልቅ ሰው ታቅፈው ነበር። በ2017 ደግሞ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2002 እስከ 2015 በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች የሆነ ከ350 ሺህ በላይ ልጆች በሸርተቴ መጎዳታቸውን ገመቱ። ከሁሉ የበዙት ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ያላቸው ናቸው፤ ማለትም ወላጅ ብቻቸውን የማይለቃቸው ልጆች። «ይሄ የአሜሪካ ነው» የሚል አይጠፋም። የልጅ አጥንትና የጎማ ሶል ግን እዚያም እዚህም ያው ነው። «ስንት ጊዜ አቅፈን ወርደን ምንም አልሆነም» የሚለው ክርክር ይሻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥም ምንም አይሆንም። ግን በሚኒባስ ጋቢና ልጅ የምናቅፈው፣ አደጋው ሳይጠፋን፣ ሌላ መቀመጫ ስለሌለ ነው። ሸርተቴ ላይ ምን አስገደደን? አጭር ሸርተቴ መርጦ፣ ከጎን ቆሞ፣ ብብቱን ወይም እጁን ይዞ አብሮ መራመድ ይቻላል። ከጎን እጅ የማይደርስበት ሸርተቴ የዚያ ልጅ ሸርተቴ አይደለም፤ ዓመት ይጠብቅ።

ሁለተኛው ጥፋት የሚመጣው ከጉዳቱ በኋላ ነው። «አላበጠም፣ ወለምታ ነው፤ ይታሽ» ይባላል። የሕፃናት ቅልጥም ሲሰነጠቅ ብዙ ላያብጥ ይችላል፤ ዋናው ምልክት ልጁ እግሩን አልረግጥም ማለቱ ነው። የመጀመሪያው ራጅ እንኳ ስንጥቁን ላያሳይ ስለሚችል ሐኪሙ ከቀናት በኋላ ተመለሱ ካለ መመለስ ነው። ወጌሻ ልምድ የለውም አልልም። ሆኖም በቀርከሃ ተጠፍሮ የታሰረ እግር ደም አጥቶ ሲሞት፣ ከዚያም ሲቆረጥ የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው አይተዋል። ለአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ወጌሻ ቤት ጎራ ማለት ምን አመጣው?

በመጫወቻ ቦታ የሚሰሙት የቀሩት ተረቶች ቀላል ናቸው። ከረሜላ ወስፋት አያፈላም፤ ወስፋት የሚገባው በአፈርና ባልታጠበ እጅ ላይ ያለው እንቁላሉ ሲዋጥ ነውና ከረሜላውን ከመከልከል በፊት እጁን ማስታጠብ ይቀድማል። አይስክሬም ጉንፋን አያመጣም፣ ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። «አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ አይጎዳም» የሚሉም ይሳሳታሉ፦ አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፀሐይ የዋለበትን ሸርተቴም፣ ብረት ሆነ ፕላስቲክ፣ ልጁ ከመቀመጡ በፊት በእጅ መዳሰስ ነው።

የመጫወቻ ቦታ ባለቤቶች፣ «ከእናቱ ጋር ይውረድ» የሚሉ ሠራተኞቻችሁን አስቁሙልን። በየሸርተቴው መሰላል ሥር በትልቁ ጻፉበት፦ ልጅ ብቻውን ይወርዳል፣ ትልቅ ሰው ከጎን ይቆማል።