ካሁትና መሰሎቹ፦ ለክፍል የሚሆኑ ነጻ የክለሳ ጨዋታዎች

ካሁት መምህር የሚያወጣቸውን የምርጫ ጥያቄዎች ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደሚመልሰው ጨዋታ የሚለውጥ የኢንተርኔት መሣሪያ ነው። መምህሩ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ድረ ገጹ ላይ ይጽፋል። ክፍለ ጊዜው ሲደርስ ጥያቄው በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይወጣል። ተማሪዎች በስልክ፣ በታብሌት ወይም በኮምፒውተር ገብተው ግድግዳው ላይ የሚያዩትን የቁጥር ኮድ ያስገባሉ፤ ስማቸውን ወይም የመረጡትን ቅጽል ስም ይጽፋሉ፤ ከዚያ ይጀመራል። አካውንት መክፈት አይጠበቅባቸውም። በተለመደው አጨዋወት ጥያቄውም ምርጫዎቹም የሚነበቡት ግድግዳው ላይ ነው። ተማሪው እጅ ላይ ያለው ስልክ የሚያሳየው አራት ቁልፎችን ብቻ ነው፤ እነሱም ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ሰማያዊ ዳይመንድ፣ ቢጫ ክብ እና አረንጓዴ አራት ማዕዘን ናቸው። በዚህ ምክንያት ተማሪዎቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው አይቀሩም፤ ሁሉም ቀና ብለው አንድ ቦታ ያያሉ፣ አብረው ይደነግጣሉ፣ አብረው ይስቃሉ።

ለአንድ ጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ መምህሩ ካልቀየረው 20 ሰከንድ ነው። በትክክል ለመለሰ እስከ 1,000 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ወዲያው የመለሰ ወደ ሙሉው ይጠጋል፣ በመጨረሻዋ ሰከንድ የመለሰ ግን ግማሹን ብቻ ያገኛል። ሰዓቱ ሲያልቅ እያንዳንዱን ምርጫ ስንት ተማሪ እንደነካው የሚያሳዩ አራት ዘንጎች ግድግዳው ላይ ይቆማሉ። ከዚያ የመሪዎቹ ዝርዝር ይመጣል። ተማሪው የሚጓጓው ለዚህ ዝርዝር ነው። ለመምህሩ ግን ከጨዋታው ሁሉ የሚበልጡት አራቱ ዘንጎች ናቸው፤ ምክንያቱ ወደ በኋላ ይብራራል።

ተማሪን በማሽን የመጠየቅ ሐሳብ ከኢንተርኔት በጣም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሲድኒ ፕሬሲ ጥያቄ እያቀረበ መልሱን በቁልፍ የሚቀበል፣ ትክክልና ስህተቱንም ወዲያው የሚለይ ሳጥን ሠርቶ ነበር። በ1960 ደግሞ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ የተባለው የኮምፒውተር የማስተማሪያ ሥርዓት ተጀመረ። የካሁት ሥር ያለው ኖርዌይ ውስጥ፣ ትሮንድሄም ከተማ በሚገኘው የኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር አልፍ ኢንገ ዋንግ በ2006 ተማሪዎች በራሳቸው ስልክ የሚመልሱበት የክፍል ውድድር መሞከር ጀመሩ። ከዚህ ሥራ ተነሥተው ሞርተን ቨርስቪክ፣ ዮሃን ብራንድ፣ ጄሚ ብሩከርና ባልደረቦቻቸው በ2012 ኩባንያ አቋቋሙ፤ በ2013ም ጨዋታው ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ያን ጊዜ ስማርት ስልክ በየተማሪው ኪስ መግባት ጀምሮ ስለነበር ትምህርት ቤቶች የተለየ መሣሪያ መግዛት አላስፈለጋቸውም። ጨዋታው ፈጥኖ ለመስፋፋቱ ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስላል።

እንዲህ ያለ ጨዋታ ክለሳ ሊሆን የሚችለው አስደሳች ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሰው አእምሮ የተማረውን አጥብቆ የሚይዘው ደጋግሞ በማንበብ ሳይሆን ሳያይ ለማስታወስ በመታገል ነው። በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። አንደኛው የተማሪዎች ቡድን አንድን አጭር ጽሑፍ በአራት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ አነበበ። ሌላው ቡድን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን በወረቀት አሰፈረ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ለማስታወስ የታገሉት 61 በመቶውን ሲያስታውሱ ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ላይ ቀሩ። ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ይበልጥ እንደሚያስታውሱ በራሳቸው ተማምነው ነበር። ፈተና ሲደርስ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ «ገብቶኛል» የሚል ተማሪ የት ላይ እንደሚሳሳት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መምህሩ ከዚህ የሚወስደው ተግባራዊ ነገር አለ። ትምህርቱ እንዳለቀ ወዲያው የሚደረግ ጨዋታ ሞቅ ያለ ይሆናል፣ ውጤቱም ያምራል፤ ነገር ግን የሚለካው ገና ያልተረሳውን ነው። ያው ጨዋታ ከሦስት ቀን ወይም ከሳምንት በኋላ ቢደረግ ውጤቱ ዝቅ ይላል፣ ጥቅሙ ግን ይጨምራል። በየጨዋታው ካለፈው ሳምንትና ካለፈው ወር ሁለት ሦስት ጥያቄ መቀላቀልም እንዲሁ ይረዳል። ሌላም አለ፦ ምርጫ አይቶ መልስን መለየት ከባዶ ወረቀት ተነሥቶ ከማስታወስ ይቀላል። ካሁት ምርጫዎቹን ከማሳየቱ በፊት ጥያቄውን ለብቻው ለጥቂት ሰከንድ ያሳያል። በዚያች ቅጽበት ተማሪዎች የሚያስቡትን መልስ ደብተራቸው ላይ ጫር እንዲያደርጉ ቢለመዱ መለየቱ ወደ ማስታወስ ይጠጋል።

ጨዋታው ፋይዳ የሚኖረው ጥያቄው ፋይዳ ካለው ብቻ ነው። በየድረ ገጹ ሌሎች መምህራን የጻፏቸው ተዘጋጅተው የተቀመጡ ጥያቄዎች ሞልተዋል። ጊዜ ይቆጥባሉ፤ ግን ብዙዎቹ ስምና ዓመተ ምሕረት ከመጠየቅ አያልፉም፣ የተሳሳቱ መልሶችም ይገኙባቸዋል። ጥሩ የምርጫ ጥያቄ የሚለየው በሐሰተኞቹ ምርጫዎች ነው፤ እያንዳንዱ ሐሰተኛ ምርጫ ተማሪ በእውነት የሚሳሳተውን ስህተት የያዘ መሆን አለበት። ለምሳሌ በባዮሎጂ ክፍል «ደርቆ ለማገዶ የደረሰ አንድ ግንድ፣ የክብደቱ አብዛኛው ክፍል የመጣው ከየት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ምርጫዎቹም ከአፈር፣ ከማዳበሪያ፣ ከአየር፣ ከፀሐይ ብርሃን ይሁኑ። ትክክለኛው መልስ ከአየር ነው፤ ተክል በብርሃን ኃይል ምግቡን ሲያዘጋጅ ካርቦኑን የሚወስደው አየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነውና። የፎቶሲንተሲስን ትርጉም በቃሉ የሚወጣ ተማሪ እንኳ «ከአፈር» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ዘንጎቹ ሲቆሙና «ከአፈር» የሚለው ረዝሞ ሲታይ መምህሩ ያስተማረው ምን ያህል እንዳልገባ በሰከንዶች ውስጥ ያውቃል። በወረቀት ፈተና ይህን ለማወቅ ታርሞ እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የምትመጣው ደቂቃ ከቀረው ጨዋታ ሁሉ ትበልጣለች። በእንቆቅልህ ጨዋታ ያልመለሰ ልጅ አገር ይሰጣል፣ ጠያቂው ግን መልሱን ሳይነግረው አያልፍም። ወደሚቀጥለው ጥያቄ ለመሮጥ የሚጣደፍ መምህር ይህችን ደቂቃ ያጣታል። በሃርቫርድ ፊዚክስ የሚያስተምሩት ኤሪክ ማዙር ከ1991 ጀምሮ የተጠቀሙበት ዘዴ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የተማሪዎቹ መልስ ሲከፋፈል ትክክለኛው ወዲያው አይነገርም፤ እያንዳንዱ ተማሪ አጠገቡ ካለው ጋር ተከራክሮ በድጋሚ ይመልሳል። በካሁት ይህን ለማድረግ ያንኑ ጥያቄ ሁለት ጊዜ አስከትሎ መጻፍ ይቻላል። ይሁንና ካሁት ዘንጎቹን ሲያሳይ ትክክለኛውን መልስ ስለሚያጋልጥ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ሐሳቡ አንድ ሆኖ ምሳሌው ቢለወጥ ይሻላል፤ በግንድ ፋንታ የስንዴ ነዶ ሊሆን ይችላል።

ከካሁት መሰሎች አንዱ የሆነው ኩዊዝሌት መነሻው ሌላ ነው። በካሊፎርኒያ የ15 ዓመቱ ተማሪ አንድሩ ሰዘርላንድ በ2005 ለፈረንሳይኛ ክፍል 111 የእንስሳት ስም ማጥናት ነበረበትና ራሱን የሚጠይቅበት ፕሮግራም ጻፈ፤ በ2007 ለሁሉም ክፍት አደረገው። መሠረቱ በአንድ ገጹ ቃል፣ በሌላው ትርጉም የተጻፈበት ካርድ ነው። በቡድን የሚጫወቱበት ኩዊዝሌት ላይቭ ደግሞ መልሶቹን ለቡድኑ አባላት ስለሚያከፋፍል ማንም ለብቻው መጨረስ አይችልም፤ አንድ ስህተትም ቡድኑን ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ስለዚህ መጣደፍ ያስቀጣል፣ መመካከር ይጠቅማል። ለቋንቋ ትምህርት ከካሁት ይልቅ ይህ ይመረጣል። በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚያድጉ ልጆች ፊደልና የአማርኛ ቃላት ለሚያስተምሩ ወላጆችና መምህራንም የካርዱ አሠራር ተስማሚ ነው፤ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል። በ2017 በዋሽንግተን ግዛት በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የተሠራው ጊምኪት እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ፍጥነት እየመለሰ የጨዋታ ገንዘብ የሚያጠራቅምበት ነው። ያው ጥያቄ ተመላልሶ ስለሚመጣ ድግግሞሽ አለው፤ ገንዘቡና ግዢው ግን አንዳንዴ ከትምህርቱ በላይ ልብ ይሰርቃል።

ከእነዚህ ለየት የሚለው ፌት የተባለው የሳይንስ መለማመጃ ነው። በ2001 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ካርል ዋይማን በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የጀመሩት ሲሆን፣ በአብዛኛው ነጥብም ውድድርም የለውም። ተማሪው ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል እየጎተተ ሰርኪዩት ይሠራል፣ ገመዱን ሲያሳጥር ወይም ባትሪ ሲጨምር የሚሆነውን ያያል። የፔንዱለም ክር ያስረዝማል፣ አሲድ ያቀጥናል። ሁሉም በነጻ ነው፤ አብዛኛው ኮምፒውተር ላይ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የላቦራቶሪ ዕቃ ለሌለው ትምህርት ቤት ከየትኛውም የጥያቄ ጨዋታ ይህ መቅደም አለበት።

የፍጥነት ጨዋታዎች ጉድለትም አላቸው። ዋንግ ከራባይል ታሂር ጋር በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ በካሁት ላይ የተሠሩ 93 ጥናቶችን ገምግመዋል። በጠቅላላው ውጤቱ ለመማርም ለክፍሉ መንፈስም መልካም ሆኖ ተገኝቷል። ተማሪዎች ያማረሩባቸው ነገሮች ግን ተመዝግበዋል፤ የኔትወርክ መቆራረጥ፣ የግድግዳው ጽሑፍ አለመነበብ፣ የነኩትን መልስ መቀየር አለመቻል፣ የሰዓቱ ማስጨነቅ፣ መሸነፍን መፍራት። በእርጋታ የሚያስብ ተማሪ ወይም በሁለተኛ ቋንቋው የሚያነብ ልጅ እያወቀ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ለማቅለል ሰዓቱን ማርዘም፣ ለፍጥነት የሚሰጠውን ነጥብ ማጥፋት ወይም በቡድን ማጫወት ይቻላል። የጨዋታው ነጥብ ወደ ማርክ ባይቀየር ይመረጣል፤ ስህተት ማርክ የሚያስቀንስ ከሆነ ተማሪው በግልጽ መሳሳቱን ትቶ መቅዳት ይጀምራል። በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር ስለሚፈተን፣ እነዚህን መሣሪያዎች ለፈተና መለማመጃ ብቻ የማድረግ ዝንባሌ ትልቅ ነው። ድርሰት መጻፍንና ረጅም ስሌት መሥራትን ግን አይተኩም።

ለእያንዳንዱ ተማሪ ስልክ በሌለበት ክፍል የሚሠራው ፕሊከርስ ነው። ተማሪው የሚይዘው ጥቁር ቅርጽ የታተመበት ወረቀት ብቻ ነው። የወረቀቱ አራት ጎኖች አራቱን ምርጫዎች ይወክላሉ፤ ተማሪው የመረጠውን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ወረቀቱን ከፍ ያደርጋል። መምህሩ በአንድ ስልክ ካሜራ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ሲቃኝ የእያንዳንዱ መልስ ከነስሙ ይመዘገባል። የእያንዳንዱ ወረቀት ቅርጽ የተለያየ ስለሆነ የጎረቤትን አይቶ መቅዳት ያስቸግራል። ሰዓት አይሯሯጥም፣ የመሪዎች ዝርዝርም አይወጣም። ካርዶቹ በነጻ ወርደው የሚታተሙ ሲሆን እስከ 63 ተማሪ የሚበቃ አለ። ከዚያ በላይ በሆነ ክፍል አንድ ካርድ ለሁለት ተማሪ ሰጥቶ ተመካክረው እንዲመልሱ ማድረግ ይቻላል። ካርዱ ላሚኔት ከተደረገ የማያብለጨልጭ ፕላስቲክ ይመረጥለት፤ ብርሃን ሲያርፍበት ካሜራው ማንበብ ያቅተዋል። ኢንተርኔት ጨርሶ ለሌለበት ደግሞ ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሠራው ኮሊብሪ አለ። አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በአካባቢው ዋይፋይ ብቻ መልመጃና ጥያቄ ለተማሪዎች ያደርሳል፣ ውጤታቸውንም ለመምህሩ ያሳያል።

«ነጻ» የሚለው ቃል ለሁሉም አንድ አይደለም። ፌትና ኮሊብሪ በድጋፍ የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው ክፍያ አይጠይቁም። ካሁት፣ ኩዊዝሌትና ጊምኪት ግን ንግድ ናቸው፤ የተወሰነውን በነጻ ሰጥተው የቀረውን ይሸጣሉ፣ ድንበሩም ይንቀሳቀሳል። ትናንት በነጻ የነበረ አገልግሎት ነገ ሊከፈልበት፣ የሚፈቀደው የተጫዋች ቁጥርም ሊቀንስ ይችላል። የልጆች ስምም በነዚህ ኩባንያዎች ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀመጥ በሙሉ ስም ፋንታ ቅጽል ስም ወይም የክፍል ቁጥር ማስገባት ይበቃል። ጥያቄዎችን በመጀመሪያ በራስ ኮምፒውተር በኤክሴል ሰንጠረዥ መጻፍ፣ በአንዱ ዓምድ ጥያቄውን፣ በቀሩት ምርጫዎቹንና መልሱን ማስቀመጥ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል። ከእነዚህ መሣሪያዎች በርከት ያሉት እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ ይቀበላሉ፤ የማይቀበለው ላይም ገልብጦ መለጠፍ ይቻላል፤ መብራት ወይም ኔትወርክ በሌለበት ቀን ደግሞ ጥያቄዎቹ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፈው ተማሪዎች እጅ በማውጣት ይመልሷቸዋል።