የምንረጨው ለጉንዳኑ ነው ወይስ ለልጃችን?

ጠዋት ለሻይ የስኳር ዕቃውን ሲከፍቱ ጉንዳኖቹ ቀድመውዎታል። በመደርደሪያው ጠርዝ ተሰልፈው በመስኮቱ ጥግ ወዳለች ስንጥቅ ይገባሉ። በተለይ ክረምት ሲገባና መሬቱ ውሃ ሲጠግብ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ወደ ቤት ይመጣሉ። የብዙዎቻችን የመጀመሪያ እርምጃ የሚረጨውን መድኃኒት ማንሳት ነው። ሰልፉ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ይመለሳል። ለምን?

የሚያዩት ጥቂቱን ነው

ወጥ ቤትዎ ውስጥ የሚሰለፉት ምግብ ፈላጊ ሠራተኞች ናቸው። እንቁላል የምትጥለው ንግሥትና እጮቿ ያሉት ግድግዳ ውስጥ፣ ወለል ሥር ወይም ግቢ ውስጥ ነው። ሠራተኞቹን ቢገድሉ ንግሥቲቱ ሌሎች ትተካለች። አንዳንዱን ዝርያ ደግሞ መርጨት ያባብሰዋል። ለምሳሌ የፈርኦን ጉንዳን የሚባለው፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆነው ቢጫማ ጉንዳን፣ ሲረበሽ ተከፋፍሎ በየቦታው አዲስ መኖሪያ ይመሠርታል።

በማርኬቲንግ ሙያ ያለን ሰዎች «ወዲያው ይገድላል» የሚል ዕቃ ቶሎ እንደሚሸጥ እናውቃለን፤ ገዢው ውጤቱን በዓይኑ ያያልና። ለጉንዳን የሚያዋጣው ግን ቀስ ብሎ የሚሠራው ነው።

ጉዳቱ ወዴት ይሄዳል?

የረጩት መድኃኒት ወለሉ ላይ ያርፋል። እዚያው ወለል ላይ የሚድኸውና እጁን ወደ አፉ የሚወስደው ልጅዎ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ለእርሻ የተሠራ ፀረ ተባይ በውሃ ፕላስቲክ ተቀንሶ፣ ምንም ጽሑፍ ሳይኖርበት ሲገዛ ነው። ልጅ ውሃ ወይም ለስላሳ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። ነጭ ጋዝ ማፍሰስም መርዝነቱ ሳያንስ እሳት ያስነሳል።

ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ከጠጣ እንዲያስመልሰው አያድርጉ፤ ወተት የማጠጣቱንም ልማድ ይተዉ። ዕቃውን ይዘው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1. መጀመሪያ ይከተሏቸው። ሰልፉ ከየት እንደሚነሳ ይዩ። የመግቢያውን ቀዳዳ ሳያውቁ የሚደረግ ሁሉ ግምት ነው።

2. ምግቡን ያንሱባቸው። ስኳር፣ ማር፣ በሶና ጭኮ ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጡ። ቡና ከተፈላ በኋላ በቄጠማው መሀል የቀረ ፈንዲሻና ስኳር አይደር። የሕፃኑን ጡጦና የቆሻሻውን ቅርጫትም አይርሱ። የምግብ ጠረጴዛውን እግሮች ውሃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ማቆም የቆየ ዘዴ ነው፤ ዛሬም ይሠራል።

3. ማባበያ ያዘጋጁ። 8 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቦሪክ አሲድ በ1 ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ያሟሙ። መጠኑን አይጨምሩ፤ ከበረታ ሠራተኛው መኖሪያው ሳይደርስ ይሞታል። ጥጥ ነክረው ጎኑ በተበሳ ባለ ክዳን ዕቃ ውስጥ በመግቢያው አጠገብ ያስቀምጡ። ቦሪክ አሲድም ለሰው መርዝ ነው፤ ስለዚህ ልጅና የቤት እንስሳ በማይደርሱበት ቦታ ይሁን፤ በላዩም «መርዝ» ብለው ይጻፉበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉንዳኖቹ ይበዛሉ፤ አይግደሏቸው። ማባበያውን ተሸክመው ለንግሥቲቱ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ለውጡን ለማየት አንድ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

4. ሰልፉ ሲቆም መንገዱን ያጥፉ። ጉንዳኖች የሚከተሉት ቀዳሚዎቹ የተዉትን ሽታ ነው። በሳሙና ውሃ በደንብ ሲጠርጉት ሽታው ይጠፋል።

5. በመጨረሻ ቀዳዳውን ይድፈኑ። የመስኮት ጠርዝንና የውሃ ቧንቧ የሚገባበትን ክፍተት በሲሊኮን ይዝጉ። በረንዳ ላይ ያሉትን የአበባ ማሰሮዎችም ይፈትሹ። ቅጠሉን የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚያወጡ ጉንዳን ይጠራሉ፤ ቅጠሉን በሳሙና ውሃ ይጠቡት።

ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ ግድግዳውንና ቧንቧውን ከጎረቤት ጋር ይጋሩታል። እርስዎ ማባበያ ሲያስቀምጡ ጎረቤትዎ የሚረጩ ከሆነ ድካምዎ ከንቱ ይሆናል፤ ቡና እየጠጡ አንድ ላይ ይመካከሩበት።

ማባበያውን እስኪያዘጋጁ ድረስ ዛሬውኑ አንድ ነገር ያድርጉ። ከእቃ ማጠቢያው ሥርና ከመታጠቢያ ቤቱ ጥግ ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ ካለ ልጅ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይቆልፉበት። ጉንዳኑ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ስኳር ነው የሚያባክንብዎት፤ ያ ጠርሙስ ግን ለአንድ ቀን እንኳ በልጅ እጅ ርቀት ማደር የለበትም።