የዘገየ ጸሎትና የጣና ትውፊት፦ ተረትና እውነታ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ በሚኖሩ ምእመናን ዘንድ ልጅ፣ ትዳር ወይም ፈውስ ሲዘገይ «የእግዚአብሔር ጊዜ አልደረሰም» ማለት የተለመደ ነው፤ አነጋገሩ ጽኑ የእምነት መሠረት ቢኖረውም፣ ከጊዜ ብዛት የተጣበቁበት አንዳንድ አስተሳሰቦች ግን ቤተ ክርስቲያን ከምታነበውና ከምታከብረው ጋር አይስማሙም።

ከእነዚህ አንዱ መዘግየት የቁጣ ምልክት ነው የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መስከረም 26 ቀን የመጥምቁ ዮሐንስን መፀነስ ታስባለች፤ ወላጆቹ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ እስከ እርጅና ልጅ አላገኙም ነበር። ወንጌላዊው ሉቃስ ግን ልጅ ማጣታቸውን ከመናገሩ በፊት ጻድቃን መሆናቸውን አስቀድሞ ስለሚመሰክር፣ አንባቢው መካንነታቸውን ከኃጢአት ጋር እንዳያያይዝ በሩን ይዘጋበታል። ስለዚህ ያልወለደችን ሴት «ምን በድላ ይሆን» ብሎ መጠርጠር ከመጽሐፍ የተገኘ ትምህርት አይደለም፤ በሐዘን ላይ ሐዘን የሚጨምር በደል ነው።

ከዚህ ይበልጥ ሥር የሰደደው ደግሞ መጠበቅ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው የሚለው እምነት ነው። ከዚያው ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው፣ በማግስቱም የቁስቋም በዓል የሚከተለው ዘመነ ጽጌ፣ እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ከሄሮድስ የሸሸችበት ስደት በማኅሌት የሚታሰብበት 40 ቀን ነው። ትውፊት፣ ማለትም ከአበው በቃልና በጽሑፍ ሲወርድ የመጣው የቤተ ክርስቲያን ቅርስ፣ ስደቱን 3 ዓመት ከ6 ወር ያደርሰዋል፤ የጣና ቂርቆስ መነኮሳትም ከዚህ ውስጥ 3 ወር ከ10 ቀን ያለፈው በእነርሱ ደሴት እንደሆነ ይተርካሉ። ወንጌላዊው ማቴዎስ የሚጠቅሰው ግብፅን ብቻ ስለሆነ የደሴቲቱ ታሪክ የሚቆጠረው ከትውፊት ነው፤ ስለ መጠበቅ ግን ሁለቱ አይለያዩም። ለዮሴፍ በሕልም የመጣው ትእዛዝ እስኪነገረው ድረስ በስደት አገር እንዲቆይ እንጂ የመመለሻውን ቀን የሚገልጽ አልነበረም፤ ይህም ሱባኤ ቆጥሮ ወይም ሕልም አስፈትቶ የእግዚአብሔርን ቀጠሮ በቀን ለማወቅ ለሚደክም ሁሉ በቂ መልስ ነው። ዮሴፍ ቀኑን ባያውቅም ቤተ ልሔም ተቀምጦ ተአምር አልጠበቀም፤ በሌሊት ተነሥቶ መንገድ ጀመረ። ተመለስ ከተባለ በኋላም አርኬላዎስ በይሁዳ መንገሡን በሰማ ጊዜ አደጋውን አይቶ ፈራ፤ በሕልም ተነግሮትም ወደ ገሊላ አቀና። «ተስፋ» የሚለው ቃል የወጣበት የግእዙ ግሥ «ተሰፈወ» መጠበቅንና ተስፋ ማድረግን በአንድነት ይይዛል። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ቡና የተከለ ገበሬም የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስት አራት ዓመት ይታገሣል፤ እነዚያ ዓመታት ግን የማረምና ችግኙን የመንከባከብ ዓመታት ናቸው።

«የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የትዕግሥት ምክር እንጂ ውል አይደለም። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 የእምነት አባቶችን ከዘረዘረ በኋላ የተሰጣቸውን ተስፋ ሳያገኙ መሞታቸውን ይናገራልና፣ የታገሠ ሁሉ የለመነውን ያገኛል ብሎ ማስተማር ያላገኘውን ሰው እምነት የለሽ አድርጎ መፍረድ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ግን የፈውስን ጊዜ መጠበቅ መድኃኒት ማቆምን ይጠይቃል የሚለው አስተሳሰብ ነው፤ በዚህ ምክንያት በጠበል ቦታዎች የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሕሙማን ነበሩ። በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩና በአንድነት ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስታውቀዋል። በጣና ዳርም ሆነ በሌላ ስፍራ በጠበል የሚያገለግሉ አባቶች ይህንን ለሚመጣው ሕመምተኛ ሁሉ፣ ገና ሳይጠመቅ፣ በግልጽ ሊነግሩት ይገባል።