ከፍ ያለው ፒክአፕና የፊት እግሩ

በቴክሳስ ወይም በኮሎራዶ አውራ ጎዳና የነዳ ሰው ሳያያቸው አይቀርም። ኮፈናቸው ከትንንሽ መኪኖች ጣሪያ ጋር የሚስተካከል፣ ጎማቸው ከአካላቸው አልፎ ወደ ውጭ የወጣ ፒክአፖች ናቸው። ብዙዎቹ ፎርድ ኤፍ-250፣ ራም 2500 ወይም ሼቭሮሌ ሲልቨራዶ 2500 ሲሆኑ፣ ከፋብሪካ የወጡት ከባድ ተጎታች ለመሳብ ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ሞላቸውን በረጅም ለውጦ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ያነሣቸዋል፤ 33 ኢንች ገደማ የነበረውን ጎማም በ37 ኢንች ይተካል። ከዚያ በኋላ ቴስቲናው፣ ቦል ጆይንቱና የጎማው ኩሽኔታ ተራ በተራ ማለቅ ይጀምራሉ።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ባለቀው ዕቃ ላይ ይላከካል፤ “ጥራት የለውም” ተብሎ በሌላ ይቀየራል፣ ሌላውም ያልቃል። ዕቃው ግን በአብዛኛው ተበዳይ ነው። የፊት እግር እርስ በርስ ተመዛዝነው የተቀመጡ ርቀቶችና ማዕዘኖች ድምር ስለሆነ፣ አንዱ ሲነካ የሌሎቹ ሸክም ይለወጣል።

የፎርድና የራም ባለ አራት ጎማ ነጂ ከባድ ፒክአፖች ከፊት ድፍን አክስል አላቸው፤ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ወጥ ብረት ማለት ነው። በኢትዮጵያ “ሃርድ ቶፕ” የሚባለውን ላንድ ክሩዘር 78 ከሥሩ ያየ ሰው አሠራሩ አዲስ አይሆንበትም። አክስሉ በሞላ ላይ ሲቀመጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚይዙት ረጃጅም ክንዶች ናቸው። ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው ደግሞ ከሻንሲው አንድ ጎን ተነሥቶ በአክስሉ ሌላ ጎን የሚታሰር ዘንግ ነው፤ ትራክ ባር ይባላል። ከእሱ ጋር ጎን ለጎን ከመሪው ሳጥን ወደ ጎማው የሚወርደው የመሪ ዘንግ ይሄዳል። ሁለቱ ትይዩ እስከሆኑ ድረስ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ መሪው አይዞርም።

መኪናው ከፍ ሲል ይህ ሥርዓት በሦስት በኩል ይዛባል። መጀመሪያ፣ ትራክ ባሩ ይበልጥ ያዘነብላል፤ ርዝመቱ ስላልተለወጠም አክስሉን በሾፌሩ በኩል ወደ ጎን ይስበዋል። ሁለተኛ፣ አክስሉን የያዙት ክንዶች ወደ ታች ሲንጠለጠሉ አክስሉን ያዞሩታል፤ ካስተር የሚባለው ማዕዘንም ይቀንሳል። ካስተር ጎማው የሚዞርበት መስመር ላይኛው ጫፉ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ልክ ሲሆን፣ መሪው ሲለቀቅ ወደ መሐል የሚመልሰው እሱ ነው። ሲጎድል ጎማው እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ ይዋልላል። ሦስተኛ፣ የመሪ ዘንጉ ስለሚያዘነብል ቴስቲናው ውስጥ ያለችው ኳስ ከመሐሏ ወጥታ በጠርዟ ትሠራለች።

የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። በ2013 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ክራይስለር 1.2 ሚሊዮን ገደማ የራም ፒክአፖችን ለምርመራ ጠርቷል፤ በከባዶቹ ላይ ሥጋቱ የቴስቲናው ኳስ ከመሐሏ ውጪ ከተገጠመች ልትሰበር ትችላለች የሚል ነበር። እነዚህ ከፍ የተደረጉ መኪኖች አይደሉም፤ በፋብሪካ ቁመታቸው ያሉ ናቸው። ማዕዘኑ ብቻውን ይህን ካደረሰ፣ ያንኑ ዕቃ በ15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አጣምሞ ማሠራት ምን እንደሚያመጣ መገመት አያዳግትም።

ከዚያ ጎማው ይመጣል። የኩሚንስ ዲዝል ሞተር ወደ 500 ኪሎ ስለሚመዝን አንድ የፊት ጎማ ሳይነካም የሚሸከመው ወደ 1,000 ኪሎ ነው። ጎማው ትልቅ ሲሆን ራሱ ይከብዳል፤ ከሞላው በታች ስላለም ጉድጓድ በመታ ቁጥር ሞላው ሳያለዝበው ክብደቱ በቀጥታ ኩሽኔታውንና ቦል ጆይንቱን ይመታል። ከክብደቱ የሚብሰው ግን የቸርኬው ቅርጽ ነው። ሰፊው ጎማ ክንዶቹን እንዳይነካ፣ መልኩም እንዲያምር፣ ወደ ውጭ የሚወጣ ቸርኬ ይገጠማል። ጎማው በወጣ ቁጥር ክብደቱ ኩሽኔታውን የሚጠመዝዝበት ርቀት ይረዝማል፤ ጉድጓድና ፍሬንም መሪውን የሚጎትቱበት ጉልበት ያገኛሉ። በነዚህ መኪኖች ላይ ኩሽኔታው ከሞዞው ጋር ታሽጎ የሚመጣ ስለሆነ ፈትቶ ግራሶ መቀባት አይቻልም፤ መጮኽ ሲጀምር ሙሉው ይቀየራል።

ሲልቨራዶ ሌላ መንገድ ይዟል። ድፍን አክስል ስለሌለው እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው ይንቀሳቀሳል፤ በሞላ ፋንታም የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ይሸከመዋል። ብዙዎች ይህን ዘንግ በብሎን አጥብቀው ብቻ አፍንጫውን ያነሡታል። በርካሽ ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ክንዶቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው ስለሚቀሩ ቦል ጆይንቱ በጠርዙ ይሠራል፣ ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው መጋጠሚያም በተጣመመ ማዕዘን ይሽከረከራል። ከ2001 እስከ 2010 በተሠሩት ላይ ቀድሞ የሚሸነፈው ቀጭኑ የመሪ ዘንግ ነው።

በድፍን አክስል ላይ ልልነት ሲጠራቀም የሚመጣው ነገር ስም ወጥቶለታል፤ አሜሪካውያን “የሞት መንቀጥቀጥ” ይሉታል። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ የድልድይ መጋጠሚያ ወይም ጉድጓድ ሲመታ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ መራገብ ይጀምራሉ፤ ፍጥነቱ በጣም እስኪቀንስ ድረስም ላይቆም ይችላል። መፍትሔው መሪውን አጥብቆ ይዞ ቀስ በቀስ ፍጥነት መቀነስ ነው። ብዙ ጋራዦች በመጀመሪያ የሚቀይሩት የመሪውን ሾክ ነው፤ መንቀጥቀጡም ለጥቂት ጊዜ ይጠፋል። ሾኩ ግን ድምፁን አፈነው እንጂ ልልነቱን አላጠበቀውም። ዋናው ተጠርጣሪ ብዙ ጊዜ የትራክ ባሩ ጎሚኒ ወይም የማሰሪያው ብሎን ነው።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ሁለት ሰው ይበቃዋል። ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ ሞተሩ ይነሣና አንዱ መሪውን ግራና ቀኝ በአጭሩ ያወዛውዛል፤ ሌላው በትራክ ባሩና በዘንጎቹ ጫፎች ላይ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ያያል። አንዱ ወገን ሲንቀሳቀስ ሌላው የሚዘገይበት ቦታ ላልቷል ማለት ነው። ቀጥሎ አክስሉ በክሪክ ይነሣል። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ቦል ጆይንት ወይም ኩሽኔታ ነው፤ ከግራና ከቀኝ ተይዞ ከሆነ ቴስቲና ሳይሆን አይቀርም። ጎማውም ይመሰክራል፤ ጥርሱ በአንድ ወገን ስለት ካወጣ የጎማዎቹ አቅጣጫ ተዛብቷል፣ ጎድጎድ ብሎ ከተበላ ደግሞ እየዘለለ ነው።

ጥገናውም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ማዕዘኖቹ ይመለሳሉ፦ ርዝመቱ የሚስተካከል ትራክ ባር፣ ክንዶቹን ዝቅ የሚያደርግ ማሰሪያ፣ ካስተሩን የሚያርም ማስተካከያ፤ ትራክ ባሩ ዝቅ ከተደረገ የመሪ ዘንጉም አብሮ ዝቅ ይላል፣ አለዚያ ትይዩነታቸው ይፈርሳል። ያለቁት ዕቃዎች ከዚያ በኋላ ይቀየራሉ፣ አላይመንት ይሠራል፣ ሾኩ የመጨረሻው ነው። አንዱን ዕቃ ብቻ በወፍራም መተካት ሸክሙን ወደሚቀጥለው ደካማ ዕቃ ያሻግረዋል።

ፎርድ ራሱ ከ2020 ጀምሮ ትሬመር በሚለው ስም ከባድ ፒክአፑን በ35 ኢንች ጎማ ይሸጣል። ሞላውና ሾኩ ለዚያው ጎማ ተመርጠው የተገጠሙ ናቸው፤ የጎማው መጠን ለብቻው አልተለወጠም። ከዚያ አልፎ 37 ኢንች የሚፈልግ ሰው የፋብሪካውን መሐንዲስ ሥራ ራሱ ይሠራል፣ ወይም ለሚሠራለት ይከፍላል። በማስታወቂያ ላይ የሚታየው የረጅሙ ሞላ ዋጋ የወጪው መጀመሪያ ብቻ ነው።