የቡና ዛፍ ካፌይን አሠራር

ቡና ካፌይንን ከአፈር አይመጥም፤ ራሱ ይሠራዋል። ሥራው የሚከናወነው በለጋ ቅጠሉና ገና ባልበሰለው ፍሬ ውስጥ ነው፤ ሠሪዎቹም ኢንዛይሞች፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች ናቸው።

መነሻው ዛንቶሲን ይባላል። ይህ ሞለኪውል ዲኤንኤ ለተሠራባቸው ክፍሎች የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ዛፉ የሚጀምረው እጁ ላይ ካለው ነገር ነው። የመጀመሪያው ኢንዛይም ዛንቶሲን ላይ ሜቲል የምትባል፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያላት ቁራጭ ይጨምራል። ከዚያ ከሞለኪውሉ ጋር የተያያዘው ስኳር ይላቀቃል። ሁለተኛው ኢንዛይም ሌላ ሜቲል ሲያክልበት ቴዎብሮሚን ይሆናል፤ ቸኮሌት ውስጥ በብዛት ያለው እሱው ነው። ሦስተኛዋ ሜቲል ስትገባ ካፌይን ተሠራ ማለት ነው።

እኔን በጣም የሚደንቀኝ የኢንዛይሞቹ የቦታ አመራረጥ ነው። ሞለኪውሉ አራት ናይትሮጅኖች አሉት፤ ሜቲል የሚያርፍባቸው ግን ሦስቱ ብቻ ናቸው፣ ያውም በተራ። ኢንዛይሙ ውስጥ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ሞለኪውሉን የሚይዘው በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ፣ ለሜቲሏ የሚጋለጠው የተፈለገው ናይትሮጅን ነው።

ካፌይን ለዛፉ መከላከያው ነው፤ ቅጠል የሚበሉ ነፍሳትን ይመርዛል። ሻይም ካፌይን አለው። ሆኖም በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው የቡና ጂኖም ጥናት እንዳሳየው፣ ሁለቱ ተክሎች እነዚህን ኢንዛይሞች ያገኟቸው በየራሳቸው የዝግመተ ለውጥ መንገድ ነው።

ከኢንዛይሞቹ አንዱ ቢሰንፍስ? በ2004 እ.ኤ.አ. የብራዚል ተመራማሪዎች ዘራቸው ከኢትዮጵያ የሄደ 3,000 ገደማ የአረቢካ ቡና ዛፎችን መርምረው ካፌይን የሌላቸው ያህል የሆኑ ሦስት ዛፎች አገኙ። የተለመደ አረቢካ በአንድ ግራም ደረቅ ፍሬ 12 ሚሊግራም ገደማ ካፌይን ሲኖረው፣ የእነዚህ ከአንድ ሚሊግራም በታች ነበር። ቴዎብሮሚን ግን ተከማችቶባቸዋል። ሥራው የቆመው የመጨረሻው እርምጃ ላይ ነው ማለት ነው።

ካፌይን የወጣለት ቡና አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ጥሬውን በውሃ፣ በኬሚካል ማሟሟቻ ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ በማጠብ ነው፤ አብሮም ጣዕሙ ይጎድላል። ከመነሻው ካፌይን የማይሠራ ዛፍ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። የአረቢካ ትልቁ የዘር ብዝኃነት ያለው ደግሞ እንደ ካፋና ሸካ ባሉ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው። ደኑ በተመነጠረ ቁጥር ኢንዛይማቸው ለየት ያለ፣ ማንም ያልመረመራቸው ዛፎች አብረው ሊቆረጡ ይችላሉ።